እንደገና የወጣው ሸክላ

የያዙኝ ከክፍል ጠርተው ነው። ስለ ክረምት ነፋሶች እያስተማርኩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመና ዓይኔን ሳያይ «እንግዶች ይፈልጉሃል» አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። እንግዶቹ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ነበሩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት በተጠራ የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ተራ ጥያቄ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ምርጫው አልፎ አዲስ አበባ ከተረበሸ በኋላ ጥያቄዬን ያስታወሰ ሰው ተገኘ።

ያን ሰሞን የመካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ሞልቶ ስለነበር እኛን ያጎሩን ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ የማዳበሪያ ፍሬዎች ተሰክተው ቀርተዋል። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የደጋው ብርድ ከወለሉ ተነስቶ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ቦታ የለቀቀልኝ አንድ ጎልማሳ ነው። የከተማው ልጅ ነው፤ ጅዳ ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ለእናቱ ቤት ሊሠራ ተመልሶ ነበር። ጥፋቱ ዲሽ ነው። በዲሽ የሰማውን ዜና ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለሰው አወራ።

«አብሽር፣ መምህር» አለኝ፣ የፎጣውን ግማሽ ወለሉ ላይ እያነጠፈልኝ። «ሽታው ይለመዳል። የማይለመደው ሰዉ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፌ ሳላስበው ዜማ ሳንጎራጉር ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ይህን ከየት ታውቀዋለህ?»

«ከካሴት።»

«ሳክስፎኑ ነው አይደል? አምባሰሉ?»

የዜማው ባለቤት በንጉሡ ዘመን በሠራዊት ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ፣ ኋላም ጃዝን ከራሳችን ቅኝቶች ጋር ያጋቡ ትልቅ ሙዚቀኛ ናቸው። አምባሰልንና ባቲን ያለ ድምፃዊ፣ ያለ ግጥም ተጫውተው ጥቂት ሸክላ አስቀረጹ። ዘመን ተገለበጠና ሸክላው ከገበያ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንጆች ፈላልገው አገኙትና በሲዲ እንደገና አሳተሙት። እኔ የነበረኝ ደሴ ስማር ከአንድ ሙዚቃ ቤት ያስገለበጥኩት ካሴት ነው። እሱ ደግሞ ሱዳናዊ የሥራ ጓደኛው የሰጠውን ሲዲ በበረሃው መንገድ ላይ ሲሰማ ኖሯል። ሁለታችንም ስለዚያ ሙዚቃ የሚያወራን ሰው አግኝተን አናውቅም ነበር። ያገኘነው እዚያ ነው።

«አንተ የሰማኸው የታጠበ ነው» አልኩት። «የሸክላውን መንኮሻኮሽ ሲያጥቡ ነፍሱንም አብረው አጠቡት።»

«ወላሂ አላጠቡትም! እንዲያውም ሲዲው ላይ ገና ሳይነፋ አየር ሲስብ ይሰማል። ትንፋሹ ይሰማል እኮ! ባንተ ካሴት ይሰማል?»

አይሰማም ነበር። «የእኔው ግን ይከብዳል» አልኩ። «ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሽማግሌ ሲመክር ነው የሚመስለው።»

«የደሴው ሰውዬ ማሽን ቀርፋፋ ስለሆነ ነዋ! ዕድሜህን ሙሉ ባትሪ የጨረሰ ሳክስፎን ስትሰማ ኖርክ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በውስጤ ግን ነገሩ እውነት እንዳይሆን ሰጋሁ። አንድ ሰው ለዓመታት የወደደው ዜማ የማሽን ስህተት ነው ሲባል ደስ አይለውም።

ለስብሰባ አልወጣም በማለታቸው ከከላላ የታሰሩ አንድ ገበሬ ሽማግሌ ከጎናችን ነበሩ። ስንከራከር ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጆቼ፣ ይህ የምትጨቃጨቁለት ሰው ምን እያለ ነው የሚዘፍነው?» አሉ።

«ቃል የለውም አባቴ፣ ይነፋል ብቻ» አልኳቸው።

«ምንም ቃል የለውም?»

«ምንም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ብልህ ሰው ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ የቤቱ ሁሉ ሆነ። ሙዚቃውን ሰምተው የማያውቁ ገበሬዎች ሳይቀሩ ወገን ለዩ፤ ገሚሱ ከካሴት ጋር፣ ገሚሱ ከሲዲ ጋር። ጥግ ላይ ግን ከእኛ በኋላ የገባ፣ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ያላወራ ሰው ነበር። ከሁላችን ይልቅ እሱ ቶሎ ቶሎ ለምርመራ ይጠራል፤ ሲመለስ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ግን ስለ ሳክስፎን ምን ብሎ ሊያሳብቅ ይችላል ብለን ተውነው።

መርማሪው አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስጠራኝ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ንግግሩ የአዲስ አበባ የሆነ ወጣት ነው።

«ቁጭ በል መምህር። ‹እንደገና ወጣ› የምትሉት ማነው?»

«ሸክላ ነው። የሙዚቃ ሸክላ።»

«‹ትንፋሹ ይሰማል› የምትሉትስ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሸክላው፣ ስለ ካሴቴ፣ ስለ ሲዲው። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ካሴቱ እኔም ቤት አለ። ባቲውን በጣም ነው የምወደው።»

«እንግዲያው የሙዚቃ ወሬ መሆኑን ያውቃሉ» አልኩ።

«የእኔ ማወቅ ምን ይጠቅምሃል? ጥቆማ ደርሶኛል። የደረሰ ጥቆማ መልስ ይፈልጋል።» ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «የጅዳው ሰው ስለ ሁከት በምስጢር ቋንቋ ያወራ ነበር ብለህ ፈርም። ሰኞ ክፍልህ ትገባለህ።»

«ያወራነው ስለ ሳክስፎን ነው።»

«አስብበት።»

«አስቤበታለሁ።»

አልተቆጣም። ምሳው እንደዘገየበት ሰው ነው ያየኝ። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ መለሰና በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ።

ቀጥሎ የጠሩት የጅዳውን ሰው ነው። የተመለሰው ዳቦ ሲታደል ነው። በገዛ እግሩ እየሄደ ገባ፣ ግራ ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ። በአንገቱ ላይ ቀጭን ደም ወርዶ ደርቋል። ቦታው ላይ ሲቀመጥ «ምን ጠየቁህ?» አልኩት። አልመለሰልኝም። ደግሜ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ከፊቱ ያለውን ዳቦ ያያል። የተቀመጥኩት በግራው በኩል መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ተነስቼ ወደ ቀኙ ዞርኩ።

«ምን ጠየቁህ?»

«የሚነፋው ማነው አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። ‹እውነተኛ ስሙን ተናገር› አሉኝ።» ፈገግ ሊል ሞከረና መንጋጋው አመመው። «ስንት ስም ልስጣቸው?»

የሚሰማው ዳቦ ሲታኘክ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሰውም ይበላል። ያን ቀን ስለ ሙዚቃ ቃል የሚተነፍስ ያለ አልመሰለኝም፤ እኔም አልፈለግሁም። ቃላችን ምን እንዳመጣ ከአጠገቤ ቁጭ ብሎ ይታየኛል።

የጅዳው ሰው ዳቦውን ጨረሰ። ፍርፋሪውን ከጭኑ ላይ አራገፈ። ከዚያ ከወትሮው ጮክ ባለ ድምፅ፣ ድምፁን መመጠን ስላቃተው ይሁን ሆን ብሎ እስካሁን አላውቅም፣ «እሺ መምህር፣ የት ላይ ነበር ያቆምነው? ሁለተኛው ሸክላ ላይ ነው አይደል?» አለ።

ወደ ጥጉ አየሁ።

«መልስለት እንጂ» አሉኝ የከላላው ሽማግሌ። «ሰውየው ጠይቆሃል እኮ።»

መለስኩለት። ቤቱ ሁሉ እየሰማ ስለ ሁለተኛው ሸክላ አወራሁ፤ ሲዲው ላይ ባቲው ከአምባሰሉ መቅደሙ ስህተት ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሱም አልተስማማም። ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብዬ ባቲውን አንጎራጎርኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ሲሚንቶውን እየመታ ሰማኝና አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። «እዚያ ጋ ቶሎ አይወርድም። ቆይቶ ነው የሚወርደው። እስቲ ድገመው።» ደገምኩት። ጥግ ላይ ያለው ሰው ማኘኩን አቁሞ ወለሉን ያይ ነበር።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። እኔን ሩቅ ወረዳ መደቡኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። የእሱ ጆሮ አልዳነም። የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ ቆሞ ቀረ፣ እሱም ተመልሶ ባሕር ተሻገረ። አንድ ጊዜ ስልክ ሲደውልልኝ ሲዲውን አሁንም ይሰማ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለሱዳናዊው መለስኩለት» አለኝ። «ሙዚቃ በአንድ ጎን ሲገባ ያዞረኛል።» ከዚያ ስለ ልጆቼ ጤንነት ጠየቀኝ።

አሁን ሙዚቃው ለሦስተኛ ጊዜ ታትሟል፤ በሸክላ፣ ባማረ ካርቶን። የሙዚቃው ወዳጆች በስልክ ቡድን ተሰባስበው የቱ እትም ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። አንዱ «ያ ዘመን እንዴት ያለ ጥሩ ዘመን ነበር፣ ካሴት እየተዋዋስን» ብሎ ጻፈ። አነበብኩትና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ሙዚቀኛውን በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ፣ እራት ለሚበሉ እንግዶች ተጫውተው ሲጨርሱ ነው። ሳክስፎናቸውን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ተነስቼ እጅ ነሳኋቸው።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከወሎ ነኝ ጋሼ። ከመካነ ሰላም።»

«እዚያም ይሰሙኛል እንዴ?»

ነገሩ ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ መጋዘኑ፣ መርማሪው፣ የሰው ጆሮ። ሽማግሌው ተጎንብሰው መልሴን ይጠብቃሉ። እሳቸው ያጠፉት ነገር የለም።

«ይሰሙዎታል ጋሼ» አልኳቸው። «በጣም ይሰሙዎታል።»

ደስ አላቸው። ደስታቸውን እንደያዙ እንዲሄዱ ወንበሬን ሳብ አድርጌ መንገድ ለቀቅሁላቸው።