ሻንጣ የያዘ ሰው የማታስወጣ ውሻ

ጂንካ ውስጥ ዝውውር የደረሰው የመንግሥት ሠራተኛ አልጋውን ይሸጣል፣ ቡታጋዙን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ውሻውን ደግሞ ለሚቀር ሰው ትቶ ይሄዳል። ሲተው «ለጊዜው ነው» ይላል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከጎጃም እዚህ ተመድቤ ስመጣ ከውሻ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ግብርና ቢሮ ይሠራ የነበረው ጎረቤቴ ሐዋሳ ሲዛወር ግን አንዲት ቡናማ ውሻ በገመድ እየጎተተ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አሰራት። «ለጊዜው ነው» አለኝ። ስሟን እንኳ ሳይነግረኝ ሄደ፤ እኔም «ነይ» እያልኩ ቀረሁ።

መጀመሪያ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። የምትበላው እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ብቻ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ ውስጥ ከሽሮ ሌላ ነገር ጠፋ፤ ምን ታድርግ፣ አብራኝ ጾመች። በፋሲካ አጥንቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። በቃ ሰው ለመደች ብዬ ደስ አለኝ።

አመሏን ያወቅነው ዘግይተን ነው። የሰው ውሻ የሚጮኸው በሚገባ ሰው ላይ ነው። ይቺ የመጣውን ሁሉ ጭራዋን እየቆላች ታስገባለች፤ ሻንጣ ይዞ ሊወጣ ያለውን ግን በሩ ላይ ቆማ ጥርሷን ታሳየዋለች። ከኦሞራቴ ለስልጠና መጥቶ እኔ ዘንድ ያደረ አንድ አስተማሪ በእሷ ምክንያት መኪና አመለጠው። አከራዬ፣ ቀልድ የሚወዱ የአሪ ብሔረሰብ እናት፣ ከበረንዳቸው ሆነው ሲያዩ ቆዩና «አንተ መምህር፣ ይሄ ውሻ ነው ኬላ ነው?» አሉኝ።

በዱላ አስተካክላት ያሉኝ ብዙ ነበሩ። እኔን ግን አሳዘነችኝ። እሷ የምታውቀው ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው እንደማይመለስ ነው፤ ያየችውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ላሳያት ወሰንኩ።

ከሥራ መልስ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ ከብት የሚግጥበትን የአውሮፕላን ሜዳ እዞራለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ባዶ ሻንጣ ስይዝ አትሸወድም፤ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ሞላሁበት። ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ቲቸር፣ ተዛወሩ እንዴ?» ይሉኛል። «አይ፣ ውሻ እያስተማርኩ ነው» እላለሁ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተዉ። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ ትንሽ ዕረፍት ብወስድ እንደማይከፋው ነገረኝ።

ክረምቱ ሲያልቅ ለመደች። ሻንጣ ሳነሳ በሩ ጥግ ጋደም ብላ ትጠብቀኝ ጀመር። በሥራ ዘመኔ እንደ እሷ የተሳካልኝ ተማሪ የለም።

ያኔ ዝውውሬ ወጣ። ዓመታት የለመንኩት፣ ወንድሞቼ ያሉበት ከተማ። ርክክቤን ጨረስኩ፣ አልጋዬን ሸጥኩ። ዲመካ ያለ አንድ ጓደኛዬ ውሻዋን እወስዳለሁ ካለኝ በኋላ እሱም ዝውውር መጠየቁን ሰማሁ። በመጨረሻ አከራዬን ለመንኳቸው።

«ለጊዜው ነው፣ እማማ» አልኩ።

እሳቸው የውሻዋን ሳህን አንስተው ወደ በረንዳቸው ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ብትጮኽብኝ፣ ሱሪዬን ብትቀድብኝ ይሻለኝ ነበር። ጭራዋን አንዴ መሬት ላይ መታ አደረገችና አገጯን በእግሯ ላይ አሳርፋ ተኛች። አምናኛለች። መናኸሪያ ደረስኩ፣ ረዳቱ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ጫነ፣ እኔም ወንበሬን ያዝኩ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ሻንጣዬን አውርድልኝ» አልኩት ረዳቱን። ያን ጊዜ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም።

አከራዬ ግቢውን እየጠረጉ ነበር።

«ምን ረሳህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

ከተማ የለኝ፣ ዝውውር የለኝ፣ የምተኛበት አልጋ እንኳ የለኝ። በሩ ላይ ሻንጣዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ውሻዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። መመለሴ ምንም አልገረማትም።