አባቴ ቆቡን የገለበጠ ቀን

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለው ቢሯችን፣ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ስልክ ከበው የቤዝቦል ጨዋታ ያያሉ። ቡድናቸው እየተሸነፈ ነበር። ሦስቱም ኮፍያቸውን ገልብጠው፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አውጥተው ደፍተዋል። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ጠጋ ብላ «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። እኔ በምሳ ሰዓት ብዙም አላወራም። ይህን ግን አውቀዋለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከኤርፖርት ሰው ያመላልስ ነበርና አንድ ደንበኛው ሁለት የስታዲየም ትኬት ሰጠው። ከምንኖርበት ከጋርላንድ ተነስተን፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲርገበገብ፣ እናቴ የቋጠረችልንን ሳምቡሳ መኪና ውስጥ እየበላን ስታዲየሙ ያለበት አርሊንግተን ገባን። ስታዲየሙ ግን ጣሪያው ተዘግቶ በማቀዝቀዣ ይበርዳል።

አባቴ የሚያውቀው እግር ኳስ ነው። ኳሷ ርቃ በሄደች ቁጥር፣ ከመስመር ውጭ ብትወጣም እንኳ፣ ጎል የገባ ይመስል ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ሰው ዞር ብሎ ሲያየን እኔ ወንበሬ ውስጥ እሸጎጣለሁ። ያን ቀን የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ልብ እንዳይለን።

በመጨረሻው ዙር ቡድናችን በሦስት ነጥብ ወደ ኋላ ቀረ። ብዙ ሰው ትራፊኩን ለመቅደም መውጣት ጀመረ። ከፊታችን ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ የዋሉት ሽበታም ሴትዮ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ገለበጡና መልሰው ደፉት። ከጎናቸው ያለው ሰውም እንዲሁ አደረገ። ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ።

አባቴ ጨዋታውን ትቶ እነሱን ያይ ጀመር።

«ሀያት፣ ይሄ እኮ የዝናብ ሶላት ነው!»

«አባ፣ ቀስ ብለህ አውራ።»

«ወላሂ! ወሎ ዝናብ ሲጠፋ ሜዳ ወጥተን ሰግደን ጋቢያችንን እንዲህ እንገለብጥ ነበር። አላህ ችግሩን እንዲገለብጥልን።»

«እዚህ ጣሪያ አለ። ቢዘንብስ በየት ይገባል?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀና ነጭ ቆቡን አውልቆ ገለበጠው።

ሴትዮዋ ዞር ብለው ቆቡን ሲያዩ ፈገግ አሉ። አባቴ ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

«ናቲንግ» አልኩ።

አባቴ እንግሊዝኛ ብዙም አይችልም፤ ‹ምንም› ማለት የሆነችውን ይቺን ቃል ግን ያውቃታል። ሳቁ ጠፋ። ቆቡን እንደገለበጠው ወደ ሜዳው ማየት ጀመረ። ጨዋታውን እያየ እንዳልሆነ ገባኝ።

ቡድናችን የመጨረሻ ዕድሉ ላይ ሲደርስ፣ ጎንበስ ብዬ የሴትዮዋን ትከሻ ነካሁ። ስለ ሜዳው፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው። ለጨዋታው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሙኝ። «እኛም ዕድላችን እንዲገለበጥ ነው» አሉ። ከዚያ ከጎናቸው ላለው ሰው ነገሩት፤ እሱም ለቀጣዩ። ከረድፉ ዳር አንድ ሰው ለአባቴ አውራ ጣቱን አነሳለት።

«ምን አልሻቸው?» አለኝ አባቴ።

«ያልከውን።»

«ሁሉንም?»

«የጣሪያውን ትቼ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው ኳሷ ተመትታ ወደ ላይ ወጣች። አባቴ ብድግ አለ፤ ይህን ጊዜ ግን ሁላችንም አብረነው ተነሳን። የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች አጥሩ ሥር ቀለባት። ጨዋታው በሽንፈታችን አለቀ። ሴትዮዋ የተረፋቸውን ኦቾሎኒ ከነከረጢቱ ለአባቴ ሰጥተውት ወጡ።

ይህን ሁሉ ለአዲሷ ልጅ ነገርኳት። ሳንድዊቿን እንደያዘች፣ ሳትጎርስ ሰማችኝ። ስጨርስ «ታዲያ እዚያ ወሎ፣ ዝናቡ መጣላቸው?» አለችኝ።

አባቴን ይህን ጠይቄው አላውቅም። ከሥራ ስወጣ፣ መኪናዬን ሳላስነሳ ደወልኩለት።