ሐኪሟ «ግራቬ» ያለችው ቃል

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። እማዬ እህል አልወርድ ብሏት ስለከሳች ጎንደር ሆስፒታል ላደርሳት ተነሣሁ። የነፍስ አባቷ አባ ወልዴ በራችን ላይ ቆመው «ከባሰባት ላኪብኝ፤ በቅሎዬን ጭኜ እመጣለሁ» አሉኝ። እማዬ ለእሳቸው ብቻ የምትናዘዘው አንድ ነገር ነበራት። ልንገራችሁ፣ ሞቱን አልፈራችም፤ የፈራችው ሳትናዘዝ መሞትን ነው።

ሰኞ፣ እስከ ዳባት

የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሟት። የገብሱ ማሳ በውርጭ ነጥቷል። እኔ በሶ ቋጥሬ ነበር፤ እሷ ውኃ ብቻ ጠጣች።

ማክሰኞ፣ በጭነት ማኪና

ለሁለታችን ስድስት ብር ከፍዬ የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጥን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሾፌሩ ዘወር ብሎ «ምነው ዝም አለች?» አለ።

«ተኝታ ነው።»

«ሸጋ። እንግዲያው ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ረቡዕ፣ ሆስፒታል

የእማዬ ታናሽ ወንድም አያ ካሳ እዚያ አስተርጓሚ ነበር። ሐኪሟ የእስፓኝ ሴት ናት፤ እሱም በጣሊያን ጊዜ በለቃቀመው ጣሊያንኛ ላይ የእሷን ቋንቋ ጨምሮ ተምሯል። እማዬን መርምራ ስታበቃ «ግራቬ» አለች።

«ምን አለች፣ አያ?»

«ጠንከር ያለ ሕመም ነው፤ ይሻላታል አለች።»

«አባ ወልዴን ልጥራ?»

«ምነው ሽማግሌውን በከንቱ ታንከራትቻለሽ!»

በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለዘመድ በቀጥታ አይነገርም፤ ዙሪያውን ተሂዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አያ ካሳም ያደገበትን አደረገ።

ሐሙስና አርብ

ሥራ ፈትቼ ሐኪሟን በዓይኔ ስከተል ዋልሁ። ለአንድ የጭልጋ ገበሬ «ግራቬ» አለች፤ ከቀትር በኋላ አልጋው ባዶ ሆነ። እግሩ ለተሰበረው የአዘዞ ነጋዴ አላለችም፤ ሳቀችለት። አርብ ጠዋት በር አጠገብ ለተኛች አራስ ይህንኑ ቃል አለች፤ ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋን በነጭ ጨርቅ ሸፈኗት።

አያ ካሳን ኮሪደሩ ላይ ያዝሁት። «ግራቬ የተባሉት ይሞታሉ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «ለሞት የቀረበ ማለት ነው። እህቴ እኮ ናት፤ በየትኛው አፌ ልበለው?»

ያኔውኑ መልእክተኛ ላክሁ። ቅዳሜ የእማዬ ምላስ ተሳሰረ። አባ ወልዴ እሑድ ደረሱ፤ ረቡዕ ብልክ ኖሮ አርብ ይደርሱ ነበር። እጃቸውን ይዛ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት፤ ዓይኗ ግን አላረፈም። ሰኞ ሞተች።

ወደ ቤት

አስከሬኗን ይዘን በዚያው መንገድ ተመለስን። ሐዘንተኛው ሲበተን የገባኝ፣ ታማሚ ከመድኃኒት እኩል የሚያስፈልገው ስንት ቀን እንደቀረው ማወቅ መሆኑ ነው።

አያ ካሳ አርባዋን አውጥቶ ወደ ሥራው ገባ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ያለችውን ሳያለዝብ ለዘመድ ይናገር ጀመር። ብዙ ሰው ረገመው፤ አንዱም በጥፊ መታው። ጡረታ እስኪወጣ አላቆመም።