የሴቶች በር ጉበን

ልጅ እያለሁ በደባርቅ አጠገብ ባለው ደብራችን በሴቶች በር ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በጥንት ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ክብ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ከዚያ በር በላይ የተጋደመው የወይራ ጉበን መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ የተሸከመው ድንጋይ ወደ ፊት አዘንብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ሐሰተኛ ሲያልፍ ይወድቅበታል» ይሉ ነበር። የተጠረጠረ ሰው የሚምለውም እሱ ሥር ቆሞ ነው።

እናቴ ስትሞት በአንገቷ የምታስረውን የብር ማርዳ ለእኔ ተወችልኝ። በአደራ ያስቀመጠችው የአባቴ እህት እትዬ ውባለም ነበረች። አንድ ቀን ማርዳው ጠፋ ተባለ። «ራሷ ሰርቃ ለዛሪማ ነጋዴ ሰጥታዋለች» አለች እትዬ። የገዛ ማርዳዬን! አልነካሁም ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ጉበኑ ሥር ትማል ስትል ቄሱ «ልጅ አይምልም፣ ተዪ» ቢሏት፣ «አባ፣ እውነተኛ ከሆነች ምን ያስፈራታል?» አለቻቸው።

ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቆሞ እያየ ወደ በሩ ገፋችኝ። አለመውሰዴን አውቃለሁ፤ ግን ድንጋይ ከሰው ይሻላል ያለኝ ማን ነው? እሱም ቢሳሳትስ? እርጥብ ጭቃና የሌሊት ወፍ ይሸታል። «አልወሰድኩም» ከማለቴ ከላይ አፈር አናቴ ላይ ረገፈ።

«አያችሁ! አያችሁ!» ብላ ጮኸች እትዬ። ቄሱ «የሌሊት ወፍ ናት እኮ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ከዚያ ወዲያ ስሜ «አፈር የረገፈባት» ሆነ፤ ለጨዋታ እንኳ እጄን የሚይዝ ልጅ አልነበረም።

እትዬ ውባለም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ሆና ታስቀድሳለች። «እኔ ለመግባት የማልበቃ ነኝ» ስትል ሰው ትሕትናዋን ያደንቅላት ነበር። ጉበኑን በምን ዓይን እንደምታየው የማውቀው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ደብሩ ታደሰ። ግድግዳው በኖራ ተመረገ፤ ጉበኑ በአዲስ ወይራ ተተካ፤ ድንጋዩም ቀጥ አለ። በቅዳሴ ቤቱ በዓል እትዬ ውባለም ምርኩዟን ይዛ በሩ ፊት ቆመች። ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ልጄ፣ አሁንስ አይወድቅም አይደል?»

«አይወድቅም እትዬ። ጠግነውታል፤ ይግቡ።»

ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ገባች። ዛሬ ሕፃናት በዚያ በር እየተሯሯጡ ያልፋሉ፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ተከትያት ስገባ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እጄም ሳላዘው ነጠላዬ ላይ አፈር ፈለገ።