አረንጓዴው ውሃ የጠራ ዕለት

ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ በሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያው ሰፈር ካለ አንድ ቤት በሠራተኝነት የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። አሠሪዬ ማዳም ሂቦ ድሬዳዋ ያደጉ ጅቡቲያዊት ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም። ክፍሎቹን እያዞሩ ካሳዩኝ በኋላ ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ፊት ቆሙ። ዘጠኝ ወርቃማ ዓሣዎች ይዋኙበታል። አኳሪየም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሟቹ ባለቤቴ ያሳደጋቸው ናቸው» አሉኝ። «መስታወቱን ከውጭ ወልውይ። እጅሽን ግን ወደ ውስጥ እንዳትከቺ።»

ሁለት ሳምንት ቻልኩ። መስታወቱ ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ለበሰ፤ እኔ ደግሞ ቆሻሻ እያየሁ ማለፍ አልችልም። ማዳም ቢሮ እንደሄዱ ቆሻሻው ከዚያ የሚመጣ መስሎኝ የውሃ ማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቼ በበረኪና አሸሁት፣ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ አንዱ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ።

ደብቄ መጣል እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ማዳም ሲመለሱ በሳህን አድርጌ አሳየኋቸውና ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ወደ ገንዳው ዞረው አዩ። «ስምንት ቀሩ፣ የሺ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሐምሌ ማዳም ለአንድ ወር እህታቸው ዘንድ ፈረንሳይ ሊሄዱ ተነሡ። ያኔ ውሃው ራሱ እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆኖ ዓሣዎቹ አይታዩም ነበር።

«ስመለስ እንዲህ ከሆነ ለሰው እሰጣቸዋለሁ። አቅቶኛል» አሉ።

«ማዳም፣ እኔ ልሞክር?»

ቀና ብለው አዩኝ። «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ» አሉና ሻንጣቸውን ዘጉ።

በዕረፍት ቀኔ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ወፍና ዓሣ የሚሸጡ ጋሽ ኢድሪስ የሚባሉ የሐረር ሰው አሉ። የበረኪናውን ታሪክ ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ስፖንጁ ላይ ውሃውን የሚያጸዱ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱን ነው የጨረስሻቸው! ሁለተኛ ስታጥቢው ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ብቻ። አረንጓዴው ደግሞ አልጌ ነው። እንደ ተክል ብርሃንና ምግብ ይፈልጋል። ማን እንደሚቀልበው ፈልጊ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ስለዚሁ ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩ።

ቤት እንደገባሁ ገንዳውን ዞሬ አየሁት። የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ታርፋለች። የቁም ሳጥኑ ጥላ የሚያርፍበት ጥግ ላይ ግን አረንጓዴው ሽፋን ስስ ነው። ልቤ ዘለለ! አንዱን አገኘሁት፤ ቀላቢዋ ፀሐይ ናት።

ሁለተኛውን በማግስቱ ከወትሮው ቀድሜ ስነሣ ያዝኩት። ዘበኛው አዴር ሮብሌ፣ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ዳቦ ይፈረፍራሉ።

«አዴር! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቁርሳቸው ነዋ። ሰውዬው ከሞቱ ጀምሮ የማበላቸው እኔ ነኝ። ማዳም በሐዘኗ ትረሳቸዋለች ብዬ።»

ማዳም አንድም ቀን ረስተው አያውቁም። ዓሣዎቹ ያልጨረሱት ዳቦ ጠጠሩ ውስጥ እየበሰበሰ አልጌውን ያፋፋ ነበር። ስነግራቸው አዴር ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ነኛ?» አሉ። «እርስዎና ፀሐይ» አልኳቸው። ያን ዕለት ከሁለታችን ማን የበለጠ ለሥራው እንደጓጓ አላውቅም።

ጋሽ ኢድሪስ እንደመከሩኝ በቀጭን ጎማ የጠጠሩን ቆሻሻ ከውሃው ጋር እየሳብኩ አወጣሁ፤ ሲሶው ውሃ ወጣ። በባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ቆይቶ የማጽጃው ክሎሪን የለቀቀውን የቧንቧ ውሃ ቀስ እያልኩ ተካሁ። ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅሁት። መብራቱን አጠፋሁ፣ የአየር ፓምፑን እንደበራ ተውኩት፣ ገንዳውን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። አራት ቀን ጨለማ፤ አራት ቀን ምግብ የለም።

አዴር ከበሩ እየተመላለሱ «አሁን እንክፈተው?» ይሉኛል። እኔም ከእሳቸው አልሻልም፤ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ የፓምፑን ድምፅ እሰማ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ብርድ ልብሱን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ገፈፍነው። ከገንዳው ማዶ ያለው የግድግዳው ቀለም ታየ! ስድስት፣ ሰባት... አንዷ ከድንጋዩ ኋላ ወጣች፤ ስምንት! ጮህኩ። አዴር በሶማሊኛ ፈጣሪን እያመሰገኑ እጄን ይዘው ዘለሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፤ ዳቦውም ቀረ።

ማዳም ሲመለሱ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ገንዳው ፊት ቆሙ። በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን መክተት ትችያለሽ» አሉኝ።

ወሬው በጓደኞቻቸው በኩል ተሰራጨ። ዛሬ ካርቲየ 6 ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ባልዲ፣ ጎማና መፋቂያ ይዤ ከቤት ቤት እየዞርኩ አኳሪየም እንከባከባለሁ። አሁንም አረንጓዴ ገንዳ ሳይ እጄን ይበላኛል።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ አልጌ ስታዩ መፋቂያ ከማንሳታችሁ በፊት ገንዳው በቀን ስንት ሰዓት ብርሃን እንደሚያገኝ እዩ። ከሲሶ በላይ ውሃ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ዓሣዎቹን ማን እንደሚያበላቸው ደግሞ ባለቤቱን ብቻ አትጠይቁ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ጠይቁ።