የወንድሜን ፎጣ ይዤ ወደ ወልቂጤ ኬላ

ከቡታጅራ መነሻ

ከቡታጅራ የተነሣሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሄድሁት ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አይደለም። አንዲት ውሻ ምግብ አልበላም ስላለች ነው። ይህን ስጽፍ ለራሴም ይገርመኛል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ወልቂጤ መውጫ ላይ ባለው የጉምሩክ ኬላ ውሻ ይዞ መኪና የሚፈትሽ ሠራተኛ ነበር። ውሻዋ ጮራ ትባላለች። ከጅማ በኩል በሚመጡ መኪኖች የተደበቀ ሐሺሽ አሽትታ ታገኛለች። ጀማል ከጊቤ በረሃ ይዞት በመጣው ወባ ቤታችን ተኝቶ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ባልደረቦቹ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ሻንጣ አድርገው አመጡልን።

ሰንበት ብሎ ስልክ ተደወለ። የጀማልን ሥራ የተረከበች አስካለ የምትባል ሴት ናት። ጮራ ከእሷ እጅ አልበላ፣ መኪናም አልፈትሽ ብላለች። ረቡዕ ከአዲስ አበባ መኪና ይመጣል። እስከዚያ ካልሠራች ይዟት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጓት ስጠይቃት፣ ሻንጣው ውስጥ የተጠቀለለ ፎጣ ካለ ይዤላት እንድመጣ ብቻ ለመነችኝ።

እናቴ ውሻ በደጃፋችን ሲያልፍ የምታባርር ሴት ናት። ጀማል ይህን ሥራ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አኩርፋው ነበር። ስለዚህ እምቢ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን፣ «ልጄ ሲያበላት የኖረች ፍጥረት በረሃብ አትሙት። ሂድ» አለችኝ። ፎጣውን ራሷ አጥፋ በፌስታል ሰጠችኝ።

በቅጥቅጡ ውስጥ

ቅጥቅጡ መናኸሪያው ውስጥ ሞልቶ እስኪነሣ ፀሐዩ ጠነከረ። አጠገቤ አንዲት የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ተቀመጠች። ጆንያዋ እግራችን ሥር ስለነበር መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር በርበሬው ይቦንና ሁላችንም እናስነጥሳለን። ረዳቱ ይሳደባል፤ እሷ ትስቃለች። የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ሳላስብ ለአንዲት ውሻ ብዬ እንደምሄድ ነገርኋት።

«ለውሻ ለቅሶ ልትደርስ ነው እንዴ?» አለች።

ከኋላ አንዱ ሰውዬ፣ «ድንኳን ተክለዋል?» ብሎ ጨመረበት። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እንሰቱ እያለቀ ጤፍ ማሳ እየበዛ ነበር። ጥያ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም ውሻዋ የሟች ወንድሜ እንደነበረች ነገርኋት። ሴትዮዋ ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አላህ ይማረው። አፌ ነው፣ ወንድሜ፤ እኔ ክፉ አይደለሁም» አለች። ከዚያ ወርዳ ብርቱካን ገዝታ ልጣ ሰጠችኝ።

ትንሽ ቆይታ፣ በርበሬ የተነሰነሰበትን ዕቃ ውሻ ማሽተት ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። እናቴ ፊት ውሻ ስለማይነሣ ጀማል ቤት ሲመጣ ስለ ሥራው አያወራም ነበር።

ዓለም ገና ወርጄ የወልቂጤ መኪና ያዝሁ። ከተፍኪ እስከ ቱሉ ቦሎ ሜዳው ጥቁር መረሬ ነው፤ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን ይደክማል። ወሊሶ ላይ ሽሮ በዐሥራ አምስት ብር አዝዤ ግማሹን ተውሁት።

ወልቂጤ

ወልቂጤ ሞቃት ናት። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ኬላው ስደርስ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። አስካለ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር የቸሃ ጉራጌ ሴት ናት። ከሩቅ አይታ፣ «የጀማል ወንድም መሆንህን በአረማመድህ አወቅሁ» አለችኝ። ወዲያው ወደ ውሻዋ ቤት ወሰደችኝ።

ጮራ ጥግ ላይ ተኝታለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ምግቧ በሳህኑ እንዳለ ዝንብ ወርሮታል። አስካለ ፎጣውን ጠቅልላ ጣለችላት። ጮራ ተነሣች፣ አሸተተችው፣ ተመልሳ ተኛች።

አስካለ ፎጣውን አንሥታ ወደ ራሷ አፍንጫ አስጠጋችው። «ምን አደረጋችሁት?»

ነገርኋት። ሻንጣው ሲመጣ ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶች ፎጣው ውሻ ያኘከው መሆኑን ሰሙ። በእኛ ሃይማኖት የውሻ አፍ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። እንደዚያው አድርገው ፀሐይ ላይ አሰጡት።

«ጀማልን አጥባችሁ አወጣችሁታ» አለች። የደከመ ሳቅ ሳቀች። «ጥፋቱ የእኛም ነው። የሟች ዕቃ ማስቀረት ነውር መስሎን ፎጣዋን ነጥቀን ላክንባት።»

ከዚያ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠን የወንድሜን ሥራ አስረዳችኝ። ጮራ የምትፈልገው ሐሺሽ አይደለም። ሽታውን ስታገኝ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ ስትቀመጥ ፎጣዋ ይሰጣታል። ለእሷ መኪናው ሁሉ ፎጣ የተደበቀበት ቤት ነው። አስካለ እንደ ተማረችው ፎጣውን ትወረውርላታለች። ጀማል ግን አይወረውርም ነበር።

«ጫፉን ይዞ አብሯት ይጓተታል። ሲሸነፍ ደግሞ ከልቡ ይናደዳል» አለችኝ።

እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ልጅ ሆነን ጋቢ ስንጓተትም እንዲሁ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት

የአዲስ አበባው መኪና ቀድሞን ደርሶ ነበር። የኬላው ኃላፊ አንድ ሙከራ ብቻ ፈቀደ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እሱም እንደ እኛ ያዛጋ ነበር። አስካለ ሐሺሽ የሚሸተውን የማለማመጃ ዕቃ በአንድ የቆመ አይሱዙ ስኮርታ ጎማ ውስጥ ደበቀች። እኔም ፎጣውን ልያዘው አልኋት።

ውሻ ነክቼ አላውቅም። ጮራ ፊት ተንበርክኬ የፎጣውን ጫፍ አፏ ሥር አስጠጋሁ። አየችኝ። ወሰድ አድርጌ መልሼ አስጠጋሁላት። ጋቢ ስንጓተት ጀማል ይለኝ የነበረውን አልኋት፤ «ከቻልሽ ውሰጂ።» አሁንም አየችኝ። እንደገና ልነጥቃት ስል ፎጣውን ነከሰችው።

ያ ሁሉ ጉልበት ከዚያ ከሲታ ገላ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጎተተችኝና ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች «ጣለችህ!» ብለው ሳቁብኝ። ለሐጯ እጄን አረጠበው። እኔ አልለቀቅሁም፣ እሷም አልለቀቀችም።

ከዚያ እንደምንም አስለቅቄያት ፎጣውን ደበቅሁና አብሬያት ዞርሁ። አይሱዙውን አንድ ጊዜ ዞራ ስኮርታው ጋ ተቀመጠች። ሰጠኋት። ተጓተትን።

ኃላፊው መጥቶ፣ «ለእሱ ሠራች። እሱ ግን ነገ እዚህ የለም» አለ። እውነቱን ነው።

አስካለ አጠገቤ ተንበረከከች። ከእጄ ቀጥላ ፎጣውን ያዘች። ሦስታችንም እየጎተትን ነበር። «አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ» አለችኝ።

ጣቶቼ እምቢ አሉ። ለምን እንደሆነ ራሴም አልገባኝም። ፎጣው ታጥቧል፤ የወንድሜ ሽታ እንኳ የለበትም።

«የጀማል ወንድም፣ ልቀቅ። እኔ ይዣለሁ።»

ለቀቅሁ። ጮራ በዓይኗ ወደ እኔ ዞር አለች። አስካለ ያኔ በኃይል ሳበች፤ ጮራም ወደ እሷ ዞራ ሳበች። አስካለ ስትወድቅ ሾፌሮቹ እንደገና ሳቁ።

ኃላፊው አንድ ጊዜ እንዲደገም ፈቀደ፤ ሽታው ሌላ መኪና ውስጥ ተደበቀ። ከአስካለ ጋር ስትዞር ጮራ መጀመሪያ ተሳሳተች፤ ተመልሳ ወደ እኔ መጣች። ጀርባዬን ሰጠኋት። ቆይቶ የአስካለ ድምፅ «ጎበዝ!» ሲል ሰማሁ። ኃላፊው የአዲስ አበባውን ሾፌር ባዶውን እንዲሄድ ነገረው። ጮራ ከአስካለ እጅ ግማሽ ሳህን በላች።

መልስ

እጄን በአፈርና በውሃ ታጥቤ ተሳፈርሁ። መንገዱን አብዛኛውን ተኝቼ ነው የመጣሁት። በነቃሁ ቁጥር ጣቶቼ ያሙኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ብዙ አይደለም። ከለቅሶው ጀምሮ ሰዎች ጠና በል ሲሉኝ እርሳው ያሉኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ወድቆ እንዳይቀር ሌላ ሰው ሲይዘው መልቀቅ ግን መርሳት አይደለም።

ቡታጅራ ስገባ መሽቷል። እናቴ በር ላይ ነበረች።

«በላች?»

«በላች።»

«ፎጣውስ?»

እዚያው እንደቀረ ነገርኋት። ይዤው እንድመለስ ጠብቃ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ይቅርላት» አለች።

ገብታ ቆጮውን ቆረሰች፤ ጎመኑን ጨመረችበትና መሐላችን አኖረችው። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲጎተጉታት እንጂ በራሷ ስትበላ አላየሁም ነበር። ያን ማታ ቀድማኝ ጎረሰች።