ሬት የመሰለቻት ኦርኪድ

ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ያዘጋ ጊዜ ልጄ ወደ ጅጅጋ ተመልሳ ከእኔ ጋር ከረመች። ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቤት መሥሪያ ቁጥቋጦውን ሲመነጥሩ ደርሳ፣ ከግራር ሥር አንዲት ኦርኪድ ከነአፈሯ አወጣችና በአሮጌ ባልዲ ተከለቻት። ቅጠሏ ወፍራም፣ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ሬት ትመስላለች።

"እማ፣ እዚያ አካባቢ ያገኘሁት ይቺን ብቻ ነው" አለችኝ።

ስታብብ ልጄ የአንዱን አበባ ዱቄት በስንጥር ወደ ሌላው አሻገረች። አንዲት ፍሬ ያዘች። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ የራሱ ስንቅ የለውም፤ አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም አለችኝ። ፍሬዋ ቢጫ ስትሆን፣ ሳትፈነዳ ቆርጬ እንዳስቀምጥላት አደራ ብላኝ ወደ ትምህርቷ ሄደች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ አደራ ከተሰጠኝ እንቅልፍ የለኝም። ፍየል እንዳይደርስባት ባልዲውን በሽቦ አጠርኩት። ሰው ይነካታል ብዬ አላሰብኩም።

ጎረቤቴ በሰፈሩ የማታውቀው ነገር የለም። ልብስ እያሰጣች ስለ ሰው ኩላሊት ታስተምራለች፤ የራሷ ልጅ ግን ሁለት ዓመት አልፎት ጡት አልተወም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሽቦው ተገልብጦ፣ ኦርኪዷ እስከ አፈሩ ተቆርጣ አገኘኋት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

"አባዮ" አለችኝ፤ በሰፈራችን እህቴ ማለት ነው። "ሬትሽ ምን ሆኖ ነው? ጡቴን በሙሉ ተቀባሁት፣ ልጁ እየላሰ ሳቀብኝ።"

"ሬት አይደለም።"

"ታዲያ የማይመር ነገር በሽቦ ይታጠራል?"

"ፍሬዋስ?"

"ያ አረንጓዴ ነገር? ለፍየሏ ሰጠኋት።"

መጠየቅ የሚባለው ነገር ለእሷ ዓይነት ሰው አልተፈጠረም። ሬት ነው ብላ ስትቀባው እንኳ አንዴ በምላሷ አልሞከረችውም። ከፍየሏ ጋር ብታወዳድራት ፍየሏ ትሻላለች፤ ቢያንስ ቀምሳ ነው የበላችው።

ለልጄ ደወልኩላት። የሆነውን ነገርኳት።

"ሥሯ ላይ ያበጠው አለ?"

አፈሩን በጣቴ ጫር አደረግኩት። "አለ፤ ጠንካራ ነው።"

"ከእሱ ታቆጠቁጣለች። ውሃ አታብዢባት፣ ትበሰብሳለች።"

ዝናብ እስኪገባ በየጠዋቱ አፈሩን እየነካሁ፣ የውሃውን ጣሳ አንስቼ መልሼ እያስቀመጥኩ ከረምኩ። በዝናቡ ከጎኗ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። ጎረቤቴ በአጥሩ አንገቷን አሹልካ አየችው።

"ይሄኛውስ ሲያድግ ይመር ይሆን?" አለችኝ።

ባልዲውን አቅፌ፣ ፀሐይ በሚገባበት በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። እስካሁን እዚያው ናት።